ጣሳውን ወደ እሳት ከመጣላችሁ በፊት፦ የአሉሚኒየም ጣሳን ወደ ቤት ዕቃ የመቀየር ዝርዝር መመሪያ

ባዶ ጣሳ ሰብስቦ ዕቃ ለመሥራት የተነሳ ቡድን መጀመሪያ የሚያስበው እሳትን ነው። ምድጃ ይሠራል፣ ከሰል ያከማቻል፣ ጣሳውን ይከምራል፤ ማታ ላይ እጁ የሚገባው ግራጫ ሙዳና ከሙዳው የማይተናነስ አመድ መሳይ ቅርፊት ነው። እኔም የጀመርኩት እንደዚሁ ነበር። አንድ ጆንያ ጣሳ ሙሉ ቀን አቅልጬ ያወጣሁት ሙዳ በአንድ መዳፍ ይያዝ ነበር።

ነገሩ የገባኝ ጣሳውን ቆርጬ በሚዛን ላይ ሳስቀምጠው ነው። የ330 ሚሊ ሊትር ጣሳ በአጠቃላይ 13 ግራም ገደማ ይመዝናል። የግድግዳው ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ተቆርጦ ሲዘረጋ 5 ግራም አይሞላም። የቀረው 8 ግራም ያለው ወፈር ባሉት ክፍሎች፣ ማለትም በክዳኑ፣ በአንገቱና በታቹ ላይ ነው። አሉሚኒየም አየር ባገኘው ቁጥር ላዩን ኦክሳይድ የሚባል ስስ ቅርፊት ይሸፍነዋል። ብረቱ በ660 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ኦክሳይዱ ግን ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልደረሰ አይቀልጥም። ስስ ግድግዳ ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ለአየር የተጋለጠው ገጹ እጅግ ሰፊ ነው። እሳት ውስጥ ሲገባ ብዙው ቅርፊት ሆኖ የሚቀረው ለዚህ ነው።

ስለዚህ እኔ የምመክረው ግድግዳውን መቁረጥ፣ ክዳንና ታቹን ማቅለጥ ነው። ግድግዳው ፋብሪካ ውስጥ ተዳምጦ ያለቀለት፣ የማይዝግ ስስ ሉህ ነው፤ እሱን አቅልጦ እንደገና ቅርጽ ለማስያዝ መድከም የተፈጨ ዱቄትን መልሶ እንደ መፍጨት ነው። ማቅለጡን ጨርሶ የሚተው ቡድን ቢኖር ደግሞ ከሥራው ግማሽ በላይ የቀረበት አይምሰለው።

መሰብሰብና መለየት

ለሰብሳቢዎቹ ከሁሉ በፊት የሚነገረው ጣሳውን እንዳይጨፈልቁት ነው። የተጨፈለቀ ጣሳ ቢዘረጋም እጥፋቱ አይጠፋም፤ በእጥፋቱ ላይ ቆይቶ ይሰነጠቃል።

ቀጥሎ ማግኔት ያዙ። ማግኔት የሚይዘው ጣሳ አሉሚኒየም ስላልሆነ ወደ ሌላ ጆንያ ይሂድ። የሽቶ፣ የፀረ ነፍሳትና የቀለም መርጫ ጣሳዎች አሉሚኒየም ቢሆኑም አትንኳቸው። ባዶ ቢመስሉም በግፊት የታመቀ ተቀጣጣይ ጋዝ ይቀርባቸዋል፤ ይህን ጋዝ መቀስም እሳትም ሊያስነሳው ይችላል።

ጣሳውን በመጣበት ቀን አለቅልቃችሁ በአፉ ድፉት። የስኳር ቅሪት አንዴ ከደረቀ ማስለቀቁ ያስቸግራል፣ ንብና ዝንብም ይጠራል። የተጨፈለቀውንና የተበሳሳውን ለብቻ አስቀምጣችሁ ለአሉሚኒየም ሰብሳቢዎች መስጠት ይሻላል። ፋብሪካ ውስጥ አሮጌውን ጣሳ አቅልጦ አዲስ አሉሚኒየም ማድረግ፣ ከባውክሳይት ማዕድን አዲስ ለማውጣት ከሚጠይቀው ኃይል 95 በመቶ ያህሉን ይቆጥባል። የጓሮ ምድጃ ወደዚህ ቁጥር አይጠጋም። ብዙ ሺህ ጣሳ የምትሰበስቡ ከሆነ አብዛኛውን ሰጥታችሁ ያማረውን ብቻ ለሥራ ማስቀረት ብልህነት ነው።

ጣሳውን ቆርጦ መዘርጋት

የሚያስፈልገው ወፍራም የቆዳ ጓንት፣ መነጽር፣ ሹል መቀስ፣ መቁረጫ ቢላ፣ ማስመሪያ፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ፣ ለስላሳ የእንጨት ቁራጭና ምስማር ነው። የጣሳ ጠርዝ እንደ ምላጭ ስለሚቆርጥ ልጆች በማጠብና በመለየት ይርዱ፤ በመቁረጡ ላይ ግን አይግቡ።

ጣሳው ከአንገቱ ወርዶ ቀጥ ማለት የሚጀምርበት ቦታ አለ፤ ከዚያች መስመር ትንሽ ዝቅ ብላችሁ በቢላው ጫፍ ብሱት። በቀዳዳው መቀስ አስገብታችሁ መጀመሪያ ከላይ ዙሩት፣ ክዳኑ ይነሳል። ከዚያ ባርኮዱን ይዛችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ታች ውረዱ፤ ሥዕሉ የሚበላሸው እዚያ ላይ ስለሆነ ማንም አያዝንበትም። በመጨረሻ ታቹን ዙሩትና ለዩት። በእጃችሁ የሚቀረው 20 በ8.5 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ሉህ ነው።

ይህ የመጀመሪያ ቆረጣ ሁልጊዜ ሻካራ ነው፤ አትጨነቁበት። ዋናው ሁለተኛው ነው። ከጠርዙ 3 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ አስምራችሁ እንደገና ቁረጡ፤ ስትቆርጡ ግን መቀሱን እስከ ጫፉ አትዝጉት። መቀስ ሙሉ በሙሉ በተዘጋ ቁጥር ጠርዙ ላይ እንደ መርፌ የሾለች ጥርስ ትተርፋለች፤ እጅ የምትቆርጠው አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናት። መቀሱ ሁለት ሦስተኛው ሲዘጋ ከፈት አድርጋችሁ ወደፊት ግፉት። ጠርዙ እንደ ወረቀት ልስልስ ብሎ ይወጣል።

ሉሁ ተጠቅልሎ መኖር ስለለመደ ወደዚያው ይመለሳል። ቀለም ያለበትን ፊት በጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አስደግፋችሁ፣ ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ፣ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሳባችሁ አሹት። ሦስት አራት ጊዜ ሲመላለስ ይዘረጋል። ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ ይቻላል፤ ግን አድካሚ ነው፣ ትርፉም ትንሽ ነው። ቀለሙን ወደ ውስጥ አዙሮ ብርማውን ፊት ወደ ውጭ ማድረግ ይበቃል። ቀለሙን ለማስለቀቅ ብላችሁ እሳት ላይ አትያዙት፤ ጭሱ መጥፎ ነው፣ ሉሁም ልሞ ጥንካሬውን ያጣል።

ማጠፍና ማያያዝ

ሰው እጅ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ጠርዙ መታጠፍ አለበት። በእስክሪብቶው ጫን ብላችሁ ከጠርዙ 5 ሚሊ ሜትር ላይ አስምሩ፤ መስመሩ ራሱ ማጠፊያ ይሆናል። ማስመሪያውን ተከትላችሁ አጥፉት፣ በእንጨቱ ጫኑት፣ ከዚያ አንዴ ድገሙት። ሁለት ጊዜ የታጠፈ ጠርዝ አይቆርጥም፣ ለሉሁም የጀርባ አጥንት ይሆነዋል።

ሁለት ሉህ ለማገናኘት ብየዳ አትሞክሩ። ያው ኦክሳይድ ተራ ቆርቆሮ ማጣበቂያ እርሳስን አያስጠጋም። የሚሠራው የቆልፍ እጥፍ ነው። የአንዱን ሉህ ጠርዝ 6 ሚሊ ሜትር ወደ ላይ፣ የሌላውን 6 ሚሊ ሜትር ወደ ታች አጥፉ፤ ግን አትዝጉት፣ እንደ መንጠቆ ክፍት ይቆይ። ሁለቱን መንጠቆዎች አያይዙና በእንጨቱ ቁራጭ ደፍጥጡት። ከዚያ በምስማር ጫፍ በሦስት ቦታ መታ መታ አድርጉት፤ ሳይበሳ የሚጎደጉድ ያህል ብቻ ይሁን። ይህ ጉድጓድ እጥፉ ወደ ጎን እንዳይንሸራተት ይይዘዋል። እያንዳንዱ ማያያዣ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ሉህ ይበላልና ስትለኩ አስቡበት።

ምን ይሠራል?

ለጀማሪ የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ የችግኝ መለያ ምልክት ነው። 2 በ8 ሴንቲ ሜትር ቁረጡ፣ ጠርዙን አንዴ እጠፉ፣ መጽሔት ወይም ጨርቅ ላይ አስቀምጡና በእስክሪብቶ ጫን ብላችሁ የተክሉን ስም ጻፉበት። ፊደሉ በሉሁ ላይ ጎድጉዶ ስለሚቀር ፀሐይም ዝናብም አያጠፋውም። ቀለም ስለማይፈልግ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ ያልኩት ለዚህ ነው። በአንድ ከሰዓት ሃያ ሰው መቁረጥና ማጠፍ የሚለማመድበት ሥራ ነው፤ ቢበላሽም የሚባክነው አንድ ቁራጭ ብቻ ነው።

ከሁሉ የበለጠ ጥቅም ያየሁበት ግን የአይጥ መከላከያ ቀበቶ ነው። በምሰሶ ላይ የቆመ የእህል ማከማቻ ካለ፣ አይጥ የምትወጣው ምሰሶውን ቧጥጣ ነው፤ ለስላሳ ሉህ ላይ ጥፍሯ አይይዝም። አምስት ሉሆችን በቁመት በቆልፍ እጥፍ አያይዙ፤ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ ይወጣዋል። ለምሰሶው ዙሪያ እስኪበቃ ወደ ጎንም ቀጥሉት። ቀበቶው ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ይታሰር፤ ዝቅ ካለ ዘላ ታልፈዋለች። የላይኛው ሉህ ከታችኛው በላይ ይደረብ፣ እንደ ጣሪያ ክዳን። ተገልብጦ ከተሠራ እያንዳንዱ እጥፍ ወደ ላይ የሚያይ ደረጃ ይሆንና ለአይጧ መሰላል ሠራችሁላት ማለት ነው። ይህን ስህተት ሠርቼ ሳምንት ሙሉ አይጧ ጎበዝ እንደሆነች ሳወራ ከርሜያለሁ። ሌላው ቀርቶ ምሰሶው አጠገብ የተደገፈ መጥረጊያ ወይም ግድግዳ ካለ ቀበቶው ዋጋ የለውም።

የፍራፍሬ ዛፍ ላይም ይሠራል፤ ግን በምስማር አትምቱት። ዛፉ ሲወፍር እንዲላላ በሽቦ አስራችሁ በየዓመቱ አስፉት። አሉሚኒየም ከእርጥብ ሲሚንቶና ከኖራ ጋር አይስማማም፣ ይበላዋል። ከመዳብ ጋር ተገናኝቶ ውኃ ካገኘም በፍጥነት ይቦረቦራል። ስለዚህ አዲስ የተለሰነ ግድግዳ ላይ አታስደግፉት፣ በመዳብ ሽቦም አትሰሩት።

የሻማ ፋኖስ ደግሞ ሳይዘረጋ፣ ከሙሉ ጣሳ የሚሠራ ነው። ጣሳውን በጥቂት ውኃ የረጠበ አሸዋ ጠቅጥቁበት፤ አሸዋው ግድግዳው እንዳይጎደጉድ ይደግፈዋል። በቢላው በቁመት አንድ መስመር ቅደዱ፣ ከላይና ከታች ደግሞ አግድም፤ የተቀደደው ቦታ ሁለት ተከፋች የመስኮት መዝጊያ ይመስላል። አሸዋውን አፍሱ፣ አለቅልቁ፣ መዝጊያዎቹን ወደ ውጭ ክፈቱ። የውስጡ ብርማ ፊት ብርሃኑን ሰብስቦ ወደ ፊት ይልከዋል። ትኩሱ አየር እንዲወጣ ክዳኑን በምስማር በአምስት በስድስት ቦታ ብሱት፣ የመዝጊያዎቹንም ጠርዝ እጠፉ። ነበልባሉ ግድግዳውን እንዳይልስ አጭር ሻማ መሐል ላይ አቁሙ። የኤሌክትሪክ መስመር ላለበት አምፖል ግን ይህን ሽፋን አታድርጉ፤ አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ወደ እሳቱ ስንመጣ

አሁን ክዳንና ታች ተከማችቷል እንበል። ከማቅለጣችሁ በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ድስት፣ መጥበሻ፣ ማንኪያ አትሥሩ። ከቁርጥራጭ አሉሚኒየም በየጓሮው በሚሠሩ ማብሰያዎች ላይ በተደረጉ ምርመራዎች እርሳስ ወደ ምግብ ሲወጣ ታይቷል። ጣሳ ለብቻው ንጹህ ቢሆንም ጆንያው ውስጥ ሌላ ምን እንደገባ ማን ያውቃል? መንጠቆ፣ የበር እጀታ፣ የመደርደሪያ ድጋፍ ይበቃችኋል።

ሁለተኛው ነገር ውኃ ነው። ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ይዘቱ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል። አንዲት ጠብታ በቀለጠ አሉሚኒየም ሥር ከታፈነች ብረቱን ወደ ላይ ትተፋዋለች። አንድ ማለዳ ጤዛ ያደረበት የብረት መቀበያ ውስጥ ስቀዳ የቀለጠው ብረት ከራሴ በላይ ዘሎ ከኋላዬ ወደቀ። ፊቴን ያተረፈው መከለያው ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሳላሞቅ የምነካው ነገር የለም። መቀበያው፣ ጉጠቱ፣ ጭልፋው፣ የምትጨምሩት ጣሳ ሁሉ ምድጃው ጫፍ ላይ ሞቆ ደርቆ ይግባ። ሥራው ከቤት ውጭ፣ በደረቅ አሸዋ ላይ ይሁን። ሲሚንቶ ወለል ውስጡ እርጥበት ስለሚይዝ የፈሰሰ ብረት ሲነካው እየፈነዳ ይበተናል። እሳት ቢነሳ ውኃ ሳይሆን ደረቅ አሸዋ ነው የሚደፋው።

ሙሉ የፊት መከለያ፣ የቆዳ ጓንት፣ የቆዳ ሽርጥ፣ የጥጥ ልብስ፣ ሱሪው ከላዩ የወረደበት የቆዳ ጫማ ልበሱ። ሰው ሠራሽ ጨርቅ ቆዳ ላይ ይቀልጣል። የሚቀዳው ሰው አንድ፣ የሚረዳው አንድ፣ ሌላው ሁሉ ራቅ ይበል።

ማቅለጫ ዕቃው የሸክላና የግራፋይት ቢሆን ይመረጣል። ካልተገኘ ታቹ በደንብ የተበየደ ወፍራም የብረት ቱቦ ያገለግላል፤ ግን የቀለጠ አሉሚኒየም ብረትን ቀስ በቀስ ስለሚያሟሟው ከእያንዳንዱ ሥራ በፊት ውስጡን ተመልከቱ። ዚንክ የተቀባ ነገር ፈጽሞ አይሁን፤ ጭሱ ያማል። ምድጃው ውስጡ እሳት በሚችል ሸክላ የተለሰነ ባልዲ፣ ከጎኑ ወናፍ ወይም ትንሽ ማራገቢያ የሚገባበት ቀዳዳ ያለው ነው። ልስኑ ቀናት ደርቆ በትንሽ እሳት ካልተሞቀ ይሰነጠቃል።

ከሰሉ ሲፋፋም መጀመሪያ ወፈር ያሉትን ቁርጥራጮች አስገቡና ትንሽ ኩሬ ይፍጠሩ። ከዚያ በኋላ የሚጨመረው ሁሉ በሞቀ ዘንግ ከኩሬው በታች እየተደፈቀ ይግባ። ምስጢሩ እዚህ ነው፤ ላዩ ላይ የተከመረ ጣሳ ይቃጠላል፣ የተደፈቀ ግን ይቀልጣል። የቀለሙ ጭስ መጀመሪያ ላይ ስለሚበዛ ነፋሱ ከጀርባችሁ ይምጣ። ደጋግማችሁ አትበጥብጡት፤ በተበጠበጠ ቁጥር አዲስ ቅርፊት ይፈጠራል። ሁሉም ሲቀልጥ ቅርፊቱን በሞቀ ጭልፋ ግፋችሁ አንሱት፤ ከሥሩ እንደ መስታወት የሚያበራ ብረት ይታያል። ቅርፊቱን በደረቅ ብረት ዕቃ ላይ አቀዝቅዙ፣ ውኃ አታስነኩት፤ ከውኃ ጋር ሲገናኝ የአሞኒያ ጠረንና ተቀጣጣይ ጋዝ ያወጣል።

መጀመሪያ ወደ ሙዳ መቅዳት፣ ከዚያ ሙዳውን ሁለተኛ አቅልጦ ዕቃ መሥራት ነው የሚሻለው። ከሙዳ የሚወጣው ቅርፊት ትንሽ ነው።

መንጠቆ በአሸዋ ቅርጽ

የጣሳ አሉሚኒየም ማንጋኒዝና ማግኒዚየም የተቀየጠበት፣ ለመዳመጥ እንጂ ለመቀዳት ያልታሰበ ነው። ለመቀዳት የሚሠራው አሉሚኒየም ሲሊከን ስለሚጨመርበት ቀጥኖ ይፈሳል፤ የጣሳው ግን ስስ ቦታ ሳይደርስ ይረጋል፣ ሹል ማዕዘን ላይም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ወፈር ያለና ማዕዘኑ የተሞረደ ነገር ምረጡ።

ከ12 ሚሊ ሜትር ጣውላ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ ተዘርግቶ ቢለካ 16 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጠማማ መንጠቆ ቁረጡ። ጎኖቹ ወደ አንድ ፊት በትንሹ ይጥበቡ፣ ካለዚያ ከአሸዋው ሲወጣ ጠርዙን ይዞ ይመጣል። የዚህ መንጠቆ ክብደት 100 ግራም ገደማ ነው። የብክነቱና የመቅጃው ድርሻ ሲጨመርበት፣ ለሁለት መንጠቆ የ60 ጣሳ ክዳንና ታች አዘጋጁ።

ለ10 እጅ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ 1 እጅ ቤንቶናይት ሸክላ ቀላቅሉ፣ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ እየረጫችሁ እሹት። ጨብጣችሁ ስትለቁት የጣታችሁ አሻራ ከታየበትና ሲሰበር ሳይፈረፈር ለሁለት ከተከፈለ ደርሷል። እጅ ላይ ከተጣበቀ ውኃው በዝቷል፤ ደረቅ አሸዋ ጨምሩ። ውኃን እንዲያ አስፈራርቼ እርጥብ አሸዋ ማለቴ የሚጋጭ ይመስላል። ልዩነቱ የአሸዋው እርጥበት ጥቂት መሆኑና እንፋሎቱ በአሸዋው ቀዳዳዎች መውጫ ማግኘቱ ነው።

ክዳንና ታች የሌላቸው፣ እኩል የሆኑ ሁለት የእንጨት ሳጥኖች ያስፈልጋሉ። የእንጨቱን መንጠቆ ሰፊው ፊቱ ወደ ታች ሆኖ ጠፍጣፋ ሳንቃ ላይ አስቀምጡ፣ አንዱን ሳጥን ዙሪያውን አድርጉ፣ የታልክ ዱቄት ነስንሱ። አሸዋውን መጀመሪያ በወንፊት፣ ቀጥሎ በእጅ ሞልታችሁ በእንጨት ጠቅጥቁ። ገልብጡት። ሁለተኛውን ሳጥን ደርቡ፣ ታልክ ነስንሱ፣ ሁለት ድቡልቡል ዱላዎች አቁሙ፦ አንዱ ከመንጠቆው ጫፍ 3 ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ለመቅጃ፣ ወፈር ያለው ሌላው መታጠፊያው ላይ። አሉሚኒየም ሲረጋ ከይዘቱ 6 በመቶ ያህል ይቀንሳልና ይህ ሁለተኛው ቀዳዳ ጎደሎውን የሚሞላ ማጠራቀሚያ ነው። ጠቅጥቁ፣ በቀጭን ሽቦ እዚህም እዚያም ውጉ፣ ዱላዎቹን ንቀሉ።

የላይኛውን ሳጥን ቀስ ብላችሁ አንሱ። እንጨቱን በዙሪያው መታ መታ አድርጋችሁ ቀጥ ብላችሁ ወደ ላይ አውጡት። ከመቅጃው ሥር እስከ መንጠቆው ድረስ በማንኪያ ቦይ ቅደዱ፣ የወደቀ አሸዋ እፍ በሉት፣ ሳጥኑን መልሱና ላዩ ላይ ከባድ ነገር ጫኑበት።

ብረቱ ከ700 እስከ 750 ዲግሪ ሲደርስ ነው የሚቀዳው። መለኪያ ከሌለ፣ የደረቀና የሞቀ የብረት ዘንግ ነክራችሁ አውጡ፤ አሉሚኒየሙ ሳይጣበቅ ከተንሸራተተ ደርሷል። ሳታቋርጡ፣ ሳትቸኩሉ፣ በሁለተኛው ቀዳዳ ብረት እስኪታይ ቅዱ። መሐል ላይ ቆም ካላችሁ ቀድሞ የተቀዳውና ኋላ የተቀዳው አይገጣጠምም፣ መንጠቆው በዚያው ይሰበራል።

ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ አሸዋውን አፍርሱት፤ ብረቱ ባይቀላም ያቃጥላል፣ በጉጠት ያዙት። መቅጃውን በብረት መጋዝ ቁረጡና ለሚቀጥለው ማቅለጫ አስቀምጡ። ስትሞርዱ አሉሚኒየም የሞረዱን ጥርስ ይደፍናልና አስቀድማችሁ ሞረዱን በጠመኔ እሹት። ሁለት የብሎን ቀዳዳ ብሱ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ግድግዳ ላይ ከመስቀላችሁ በፊት ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ አድርጋችሁ አንድ ጣውላ ላይ እሰሩትና 10 ሊትር ውኃ የያዘ ባልዲ አንጠልጥላችሁበት እደሩ። ጠዋት ባልዲው መሬት ላይ ከተገኘ ስብራቱን ተመልከቱ፤ ቀዳዳ ቀዳዳ ካለው ጣሳው ወይም አሸዋው እርጥብ ነበር፣ ለስላሳ መስመር ካለው ደግሞ ቀዝቅዞ ነው የተቀዳው። ሁለቱም ተመልሶ ይቀልጣል።